መጀመሪያ የማን ክንድ እንደሆነ እንጠይቅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። የፊዚክስ መምህራችን ‹1 ኤል ጨርቅ ስንት አንግስትሮም ነው?› የሚል የቤት ሥራ ሰጠን። ስልኬ ላይ ባለው መቀየሪያ ስሠራው 11,430,000,000 አለኝ። ጓደኛዬ በሌላ መቀየሪያ ሠርታ 6,858,000,000 አገኘች። ደጋግመን አየነው፣ ሁለቱም አይለወጡም። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ አያቴ ሸማኔ ናቸው። እሳቸው የሚለኩት በክንድ ነው። የእሳቸው ክንድስ ወደ አንግስትሮም ይቀየራል? እንዲህ ያለው ስሌትስ ምን ይጠቅማል?»

እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ስሌታችሁ ውስጥ አንድም ስህተት የለም። የተለያየው ዘንጉ ነው። አንቺ የለካሽው በእንግሊዝ ኤል ነው፣ ጓደኛሽ በፍላንደርስ፣ ማለትም በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ ኤል። መምህራችሁ «ኤል» ብለው ሲያበቁ የየትኛው አገር እንደሆነ አልነገሯችሁም። ስልኮቻችሁም ሳይጠይቋችሁ መረጡላችሁ።

ጥያቄሽን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ጨርቅ በሚፈተሽበት ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ክር በማይክሮስኮፕ አያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጣቃ በሜትር እለካለሁ። እነዚህ ሁለት ዓለሞች እንዴት እንደሚገናኙ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ብዙ አይገጥመኝም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አንግስትሮም አቶም የሚለካበት እጅግ ትንሽ የርዝመት መለኪያ ነው። ኤል ደግሞ የድሮ የጨርቅ መለኪያ ነው፣ ትርጉሙም ክንድ ማለት ነው። እንግሊዞች ክርንን የሚጠሩበት ቃል ራሱ የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። የድሮ አውሮፓ ጨርቅ ነጋዴ መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ አያትሽ በአካሉ ነበር የሚለካው። በኋላ ግን ጭቅጭቅ በዛ። የማን ክንድ? የረጅሙ ነጋዴ ወይስ የአጭሩ? ስለዚህ ከተሞች የየራሳቸውን ክንድ በብረት አሠሩ፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታም ተከሉት። ስኮትላንድ ውስጥ ደንኬልድ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1706 ጀምሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የብረት ኤል እስካሁን አለ። ቪየና ውስጥ ደግሞ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ዋና በር አጠገብ ሁለት የብረት ዘንጎች ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል። አንዱ 77.6 ሴንቲሜትር ነው፣ ለሱፍ ጨርቅ። ሌላው 89.6 ሴንቲሜትር ነው፣ ሊነን ለምንለው ለተልባ እግር ጨርቅ። አስቢው፣ አንድ ከተማ፣ አንድ በር፣ ሁለት ኤል! ገዢው ተታለልኩ ካለ ጨርቁን ይዞ ይመጣል፣ ብረቱ ላይ ይዘረጋዋል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይሄ አሠራር ሁሌም ያስደንቀኛል። ዳኛው ግድግዳው ላይ ነው፣ ቀንም ሌሊትም አይንቀሳቀስም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። እዚህ ጋ በደንብ አንብቢ፣ ምክንያቱም ከያዝሽው ሁለተኛ መቀየሪያ አያስፈልግሽም።

የእንግሊዝ ጨርቅ ነጋዴዎች አንድ ያርድን አራት ቦታ ይከፍሉት ነበር። አንዱ ክፍል 9 ኢንች ነው፣ ማለትም 22.86 ሴንቲሜትር። እጅሽን ዘርጊና ከአውራ ጣትሽ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣትሽ ጫፍ ለኪ። ለብዙ ሰው ወደዚያው ይጠጋል። አዎ፣ የእኛው ስንዝር ነው! ይህን ስንዝር ከያዝሽ የቀረው ማባዛት ብቻ ነው። የፍላንደርስ ኤል ሦስት ስንዝር ነው። ያርድ አራት ነው። የእንግሊዝ ኤል አምስት ነው። እንግሊዞች የፈረንሳይ ኤል ብለው የሚቆጥሩት ስድስት ነው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በኢንች ስታስቢው 27፣ 36፣ 45 እና 54 ይሆናል። ከዚህ ረድፍ የሚያፈነግጡም አሉ። የስኮትላንዱ ኤል 37 ኢንች ገደማ ነው። ፓሪሶች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ኦን የተባለው ልኬት ደግሞ 1.188 ሜትር ገደማ ነበር።

ከሜትር ወደ አንግስትሮም መሻገር ቀላል ነው። 1 ሜትር 10 ቢሊዮን አንግስትሮም ነው። በቃ። 1 ሴንቲሜትር ደግሞ 100 ሚሊዮን አንግስትሮም። ስለዚህ ያ ስንዝር 2.286 ቢሊዮን አንግስትሮም ይሆናል። በሦስት አባዢው፣ 6.858 ቢሊዮን፣ የጓደኛሽ መልስ። በአምስት አባዢው፣ 11.43 ቢሊዮን፣ ያንቺ መልስ። ስንዝሩን መልሰሽ ለአራት ብትከፍይው ኔይል የሚባለውን የጨርቅ ልኬት ታገኛለሽ፣ 5.715 ሴንቲሜትር ወይም 571.5 ሚሊዮን አንግስትሮም ማለት ነው።

አንዳንድ ስልክ እንዲህ ያለውን ትልቅ ቁጥር ሙሉውን አይጽፈውም። 1.143 ይልና ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን «ኢ» ፊደል አስገብቶ 10 ይላል። ያ ፊደል «ነጥቡን 10 ቦታ ወደ ቀኝ አሻግሪ» ማለት ነው እንጂ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ ግን እንደዚያ አትጻፊ። 1.143 × 10¹⁰ ብለሽ ጻፊ።

መምህራችሁ ሌሎች የአቶም መለኪያዎችንም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። መንገዱ ያው ነው፣ ሁልጊዜ ሜትር ላይ ትወጪና ትወርጃለሽ። 1 የእንግሊዝ ኤል 1.143 ሜትር ነው። በፒኮሜትር ከተባለ 1.143 × 10¹²። በፌርሚ፣ ማለትም የአቶም አስኳል በሚለካበት፣ 1.143 × 10¹⁵። በቦር ሬዲየስ፣ ማለትም በሃይድሮጅን አቶም ሬዲየስ ከተባለ ደግሞ ለ0.529177 አንግስትሮም ታካፍያለሽ፣ ወደ 2.16 × 10¹⁰ ይመጣል።

እስካሁን ያልኩት የሒሳብ ጉዳይ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ብዙ ሰው የጨርቅ ልኬት የተዘበራረቀ፣ የአቶም ልኬት ደግሞ ከመጀመሪያው ንጹሕ የነበረ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የአቶም ሰዎችም «የማን ክንድ?» ብለው ተቸግረዋል።

አንግስትሮም የሚለው ስም የመጣው ከስዊድናዊው ፊዚክስ ሊቅ ከአንደርስ ዮናስ ኦንግስትሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያሉትን መስመሮች በዝርዝር አሳተመ። የሞገድ ርዝመታቸውን የጻፈው በሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ ነበር። ሰውየው በጣም ጠንቃቃ ነበር። ይሁን እንጂ የለካበት የሜትር ዘንግ ራሱ ትንሽ የተሳሳተ ነበር። ዘንጉ ሲሳሳት በእሱ የተለካው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል። እንደ አጭር ክንድ ነጋዴ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የኤክስሬይ ሰዎች መጡ። ማኔ ሲግባን የተባለ ሌላ ስዊድናዊ ኤክስ ዩኒት የሚባል መለኪያ አቋቋመ። የአንግስትሮም አንድ ሺህኛ እንዲሆን ታስቦ ነበር። መሠረቱ ካልሳይት በተባለ ማዕድን ውስጥ ያሉት የአቶም ረድፎች ርቀት ነው። ይህ ርቀት የተሰላው ግን ከኤሌክትሮን ቻርጅ ተነሥቶ ነበር። የኤሌክትሮን ቻርጅ የሚታወቀው ደግሞ ከአሜሪካዊው ፊዚክስ ሊቅ ከሚሊካን የዘይት ጠብታ ሙከራ ነበር። በዚያ ሙከራ ውስጥ የአየር ውፍረት፣ ማለትም ጠብታዋ ስትወርድ አየሩ የሚይዛት ኃይል፣ ትንሽ ተሳስቶ ተወስዶ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ኤክስ ዩኒት ከታሰበው በ0.2 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይባስ ብሎ ሁለት ኤክስ ዩኒት አለ፣ አንዱ በመዳብ ኤክስሬይ፣ ሌላው በሞሊብዲነም ኤክስሬይ። በጥቂቱ ይለያያሉ። ቪየና በር ላይ ያሉትን ሁለት ዘንጎች አስታወሰሽ? እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። አንዱ ለሱፍ፣ አንዱ ለተልባ እግር፤ አንዱ ለመዳብ፣ አንዱ ለሞሊብዲነም።

ያርድም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ ያርድና የእንግሊዝ ያርድ አንድ አልነበሩም። የአሜሪካው 3600 ሲካፈል ለ3937 ሜትር ነበር፣ ማለትም 0.9144018 ሜትር ገደማ። በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ተስማምተው ያርድን ልክ 0.9144 ሜትር አደረጉት። ልዩነቱ 1.83 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ልብስ ሰፊ በሕይወቱ አያየውም። በአንግስትሮም ሲታይ ግን ከ18,000 ይበልጣል! ስለዚህ አንድ ሰው የ1900ን የአሜሪካ ያርድና የዛሬውን ያርድ ወደ አንግስትሮም ቀይሮ ከአምስተኛው አሃዝ በኋላ ያሉትን ቢያነጻጽር፣ የተለያየ ቁጥር ያገኛል። ሁለቱም ግን ያርድ ናቸው።

ለዚህ ነው ለቁጥርሽ ስንት አሃዝ እንደምትጽፊ ማሰብ ያለብሽ። ስልኩ 11,430,000,000 ሲልሽ እስከ መጨረሻዋ አንግስትሮም ድረስ የሚያውቅ ይመስላል። ኤሉን በስምምነት 45 ኢንች ነው ካልን፣ ኢንችም ልክ 2.54 ሴንቲሜትር ነው ካልን፣ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ልክ ነው። የቤት ሥራሽ የሚጠይቀው እሱን ነው። እውነተኛ ጨርቅ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥራት ቁጥጥር ላይ ስለምትሠሪ አንቺ ይህን ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። በንግድ ስሌት የጥጥ እርጥበት 8.5 በመቶ ተደርጎ ይያዛል። ለዚህም ነው ላብራቶሪ ውስጥ ጨርቁ ከመለካቱ በፊት በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ እርጥበት እንዲያርፍ የሚደረገው። የሐዋሳ የሐምሌ አየርና የየካቲት አየር ለጨርቅ አንድ አይደለም። አንድ የእንግሊዝ ኤል የሚሆን ጥጥ ታጥቦ 3 በመቶ ተሰበሰበ እንበል። 3.4 ሴንቲሜትር ገደማ ጎደለ ማለት ነው፣ በአንግስትሮም ከ340 ሚሊዮን በላይ። እንዲህ የሚሸሽ ነገር ላይ ዐሥር አሃዝ መጻፍ ትርጉም የለውም። ለጨርቁ 1.1 × 10¹⁰ ብትይ ይበቃል። ለዘንጉ 1.143 × 10¹⁰ በይ።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገርሽ። በአንድ ልብስ ፋብሪካ ስሠራ 600 የሚል የጨርቅ ትእዛዝ ወጣ። 600 ምን? ወረቀቱ አይልም። እኛ በሜትር አስበን ነው። አቅራቢው በያርድ ላከ። ጣቃዎቹን ፈትተን ስንለካ 548 ሜትር ከ64 ሳንቲም ሆነ። 51 ሜትር ጎደለን። ቆራጮቹ ሌሊቱን ሙሉ አቀማመጡን እየቀያየሩ ሲያጣጥሙ አደሩ፣ አሁንም አልበቃም። ያኔ የተናደድኩትን ያህል በሥራዬ ተናድጄ አላውቅም። ከአንግስትሮም ጋር ምን አገናኘው እንዳትይኝ፣ ያንቺና የጓደኛሽ ጉዳይ ከዚህ በምንም አይለይም። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ዘንጉ አልተጻፈም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ፣ ምን ይጠቅማል ወደሚለው ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣቃ በአንግስትሮም የሚሸጥ የለም። የጨርቅ ሥራ ግን በሁለቱም ጫፍ ይኖራል። የምትፈትሺውን ቲሸርት አስቢ። አንዷ የጥጥ ጭረት ወደ 15 ማይክሮሜትር ትወፍራለች፣ ማለትም ወደ 150,000 አንግስትሮም። ጭረቷ ውስጥ ሴሉሎስ አለ። ሴሉሎስ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ግሉኮስ ነው። ቅርጹ በየ10.3 አንግስትሮሙ ይደጋገማል፣ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ውስጥም ሁለት ግሉኮስ አለ። ጥጥ ውስጥ አንዱ ሰንሰለት 10,000 ያህል ግሉኮስ ሊኖረው ይችላል። አስልተሽ ስታይው አንድ ሰንሰለት ወደ 51,500 አንግስትሮም ይረዝማል፣ ከ5 ማይክሮሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አሁን አንድ የእንግሊዝ ኤል ለመሙላት እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶችን ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሪ ስንት ያስፈልግሻል? 11.43 ቢሊዮን ለ51,500 ስታካፍይ ወደ 222,000። ይሄ ቁጥር ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። አያትሽ ድር ሲያደሩ እጃቸው ውስጥ የሚያልፈው ይሄ ነው።

ይህንን በደንብ የተረዱት የሊድስ ሰዎች ናቸው። ሊድስ የእንግሊዝ የሱፍ ከተማ ናት። ዊልያም አስትበሪ የተባለ የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 እዚያ ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ፊዚክስ ሊያስተምር ገባ። ሱፍ ላይ ኤክስሬይ አበራ። ያልተሳበ ሱፍ ውስጥ በየ5.1 አንግስትሮሙ የሚደጋገም ነገር አገኘ። ሱፉን በእንፋሎት አርሶ ሲስበው ያ ምልክት ጠፋ፣ በምትኩ 3.3 አንግስትሮም ገደማ የሆነ መጣ። ሱፍ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ታጥፎ ይቀመጣል፣ ሲሳብ ይዘረጋል ማለት ነው። የሱፍ ጭረት ተስቦ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ የታየው በዚህ ነው። ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያጠናው ሳይንስም ከዚህ ሥራ ብዙ ወስዷል። የጀመረው ግን ሱፍ ነጋዴ ባለበት ከተማ ነው፣ በያርድ የሚሸጠውን በአንግስትሮም ያየ ሰው። ጥያቄሽ ሲገርምሽ ይህን ሰው አስቢው። እሱም ያንቺን ጥያቄ ነበር የሚሠራው።

ለቤት ሥራሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «1 የእንግሊዝ ኤል = 45 ኢንች = 1.143 ሜትር = 1.143 × 10¹⁰ አንግስትሮም»። ጓደኛሽም፦ «1 የፍላንደርስ ኤል = 27 ኢንች = 0.6858 ሜትር = 6.858 × 10⁹ አንግስትሮም»። «የእንግሊዝ» እና «የፍላንደርስ» የሚሉት ቃላት ከመልሱ እንዳይቀሩ። መምህራችሁ ስለ እነሱ ከጠየቁ ከላይ ያለውን የስንዝር ቆጠራ ሰሌዳው ላይ አሳዪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

አሁን የአያትሽ ክንድ። በእርግጥ ይቀየራል። ግን ክንድ የሚባል አንድ ቁጥር የለም፣ የእሳቸው ክንድ ነው ያለው። መጽሐፍ ቅዱስ ጎልያድን ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነበር ይለዋል። ስንዝርን የክንድ ግማሽ አድርጊና ክንዱን 45 ሴንቲሜትር ብለሽ ቁጠሪ፣ ወደ 2.9 ሜትር ይመጣል። ክንዱን 50 ብትይው 3.25 ሜትር። ሰውየው በአንድ ጊዜ ከስንዝር በላይ አደገ! በአንግስትሮም 3.25 ቢሊዮን ልዩነት ነው።

ስለዚህ አያትሽ ጋ ስትሄጂ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ክርናቸውን ያጥፉ። ከክርናቸው እስከ መሃል ጣታቸው ጫፍ ለኪ። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ሦስት ጊዜ ለኪ፣ በየመሃሉ እጃቸውን ያንሡ። ሦስቱ ልኬቶች በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያሉ፣ አትደንግጪ። አማካዩን ውሰጂ። እያንዳንዱ ሴንቲሜትር 100 ሚሊዮን አንግስትሮም ነው። 47 ሳንቲም ከመጣ 4.7 ቢሊዮን ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ በላይ አሃዝ አትጨምሪ። ጋቢ ሲሠሩ ስንት ክንድ እንደሚያደሩም ጠይቂያቸውና አብረሽ አስሊው።

እናቴ አቡጀዲ ልትገዛ ገበያ ስትወርድ ሁልጊዜ አጎቴን ታስከትል ነበር፣ ክንዱ ረጅም ስለሆነ። ነጋዴው «በእሱማ አይለካም» ይላል፣ እሷ አትሰማም። አድጌ ላብራቶሪ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ሜትር ይዤ ለካሁት። 52 ሳንቲም ነበር፣ 5.2 ቢሊዮን አንግስትሮም። የአያትሽን ስታገኚ ጻፊልኝ።